አሥር ሙሉ ብሎኬት

የጅማው መንገድ ከቡታጅራው በሚለያይበት ዓለም ገና ለሚሠራ አንድ ጂ ፕላስ 1 መኖሪያ ቤት የተዘጋጀው ፕላን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የወለሉ ሥዕል 1 ለ 50 ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 1 ሜትር። ዓይኔን የያዘው የሳሎኑ ስፋት አይደለም፤ በሁለት ኮለኖች መካከል የተጻፈች ቁጥር ናት፦ 4.11።

ለምን 4 ሜትር አልሆነም? የብሎኬት ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አሥሩ 4 ሜትር ይሞላሉ። በብሎኬቶቹ መካከልና ከኮለኖቹ ጋር በሚገናኙበት ጫፍ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሞርታር የሚገባባቸው አሥራ አንድ ቦታዎች አሉ። ድምሩ 4.11 ነው። ቀጣዩ ረድፍ መጋጠሚያው ከታችኛው ጋር እንዳይገጥም ዘጠኝ ሙሉ ብሎኬት ይወስዳል፤ አሥረኛው ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱን ጫፍ ይዘጋል። የሚጣል ቁራጭ የለም። ከፍታውም እንዲሁ ነው። ብሎኬቱ 20፣ ሞርታሩ 1፤ አሥር ረድፍ 2.10 ይሆናል። ለበሩ የተተወው ክፍት ቦታ 2.10 ነው። ግንበኛው ከበሩ ራስ ሲደርስ መዶሻ አያነሳም።

የፌሮው ዝርዝር ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። ኮለኑ 30 በ30 ነው። ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀው የኮንክሪት ሽፋን በየጎኑ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ ቋሚ ፌሮዎቹን የሚያቅፈው የስታፋው ጎን 25 ይሆናል። አራቱ ጎን 1 ሜትር፣ ሁለቱ መንጠቆዎች 20 ሳንቲ ሜትር። አንድ ስታፋ 1.20 ይፈጃል። ፌሮ የሚመጣው በ12 ሜትር ነው። ፌራዮው ከአንዱ ፌሮ አሥር ስታፋ ቆርጦ እጁ ባዶ ይቀራል። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ሥዕሉን ሲስል ገበያውንም እያየ ነበር።

ደረጃው ላይ ብዙ ቆየሁ። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ነው፤ 18 እርከን፣ እያንዳንዱ 17 ሳንቲ ሜትር። መርገጫው 29 ነው። ሁለት ጊዜ 17 ከ29 ጋር ሲደመር 63 ይሆናል፤ የተመቸ የሰው እርምጃ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሴክሽኑ ላይ ግን የመጀመሪያው የኮንክሪት እርከን 19፣ የመጨረሻው 15 ተብሎ ተጽፏል። ስሕተት ይመስላል። አይደለም። ወለሉ ላይ ሊሾና ሴራሚክ 6 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ፣ ደረጃው ላይ እብነ በረዱ ከነሞርታሩ 4። ሁሉም ሲለብስ አሥራ ስምንቱም 17 ይሆናሉ። እግር የሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነትን ያውቃል፤ ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው።

የላይኛው መታጠቢያ በታችኛው ትክክል ላይ ተቀምጧል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ሶሌታውን የሚያልፍበት ቀዳዳ በስትራክቸር፣ በሳኒተሪና በአርክቴክቸር ገጾች ላይ ከአንዱ ኮለን በእኩል ርቀት ተለክቷል። ቀዳዳው ኮንክሪት ሳይሞላ ይዘጋጃል፤ ኋላ ሶሌታውን የሚቦረቡር አይኖርም።

ከመሬት በታች ያለውን የሚያሳየው ሥዕል 1 ለ 20 ነው። አካባቢው ጥቁር መረሬ አለው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፉቲንጉ መረሬውን አልፎ ከጠንካራው አፈር ላይ ያርፋል። በግሬድ ቢሙና በአፈሩ መካከል ክፍተት ተትቷል፤ አፈሩ ሲያብጥ ቢሙን ወደ ላይ እንዳይገፋ። በቤቱ ዙሪያ ያለው ንጣፍ ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ ወደ ውጭ ያዘነብላል።

የሕንፃ ሕጉ ለግንባታ ፈቃድ ፕላን ይጠይቃል። ለብዙ ሰው ፕላን ማለት ይኸው ለፈቃድ የሚገባው ነው፤ ማህተም ሲያርፍበት ይታጠፍና ይቀመጣል። እዚህ ያየሁት ግን ለግንበኛው፣ ለፌራዮውና ለቧንቧ ሠራተኛው የተሳለ ነው።

በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ቤት ልትጀምሩ ከሆነ የፈቃዱን ቅጂ ብቻ ይዛችሁ ቁፋሮ አታስጀምሩ። ባለሙያችሁን የደረጃውን ሴክሽን፣ የፌሮውን ዝርዝርና የቧንቧውን መውጫ ጠይቁት። እነዚህ ሳይሳሉ ሲሚንቶ አትግዙ።