«ማጠንከር» የሚለው ስያሜ ለብረት ሙያ ይበቃልን?

የሙያ ቃል በሚተችበት ጊዜ መመርመር ያለበት ለጆሮ መጣፈጡ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን እጅ ወዴት እንደሚመራ ነው። የጋለ ብረትን ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ መንከርን «ማጠንከር» ብሎ የመሰየም ልማድ በዚህ ሚዛን ሲታይ ጎዶሎ ነው።

ስያሜው በቂ ካርቦን ላለው ተራ ዓረብ ብረት ይስማማል። ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በድንገት የተነከረ ብረት ይጠጥራል፤ ተሰባሪም ስለሚሆን ከ150 እስከ 650 ዲግሪ ባለው ሙቀት መልሶ ማሞቅ ያስፈልጋል። በብዙ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም የተቀየጠው ቀላል ብረት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከ1000 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲነከር ይለሰልሳል፤ ቅርጽም በቀላሉ ይቀበላል። ብርታት የሚያገኘው በኋላ ከ450 እስከ 650 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲቆይ ነው። ቆይታው ከበዛ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ «ማጠንከር» የተባለው ተግባር በዚህ ብረት ላይ ማለስለስ ሆኖ ይገኛል።

«ቀላል ብረት» የሚለውም ከነቀፋ አያመልጥም። አንባቢ ቀጭን ላሜራ ወይም ለሥራ የማያስቸግር ብረት ሊመስለው ይችላል። የታሰበው ግን እያንዳንዱ መቶኛ አሉሚኒየም እፍጋቱን በ1.3 በመቶ ገደማ የቀነሰለት ቅይጥ ነው።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ በአሶሳ ሙያ የሚማረው ወጣት ግን አፉን የፈታው በበርታ፥ በጉሙዝ፥ በሺናሻ፥ በማኦ ወይም በኮሞ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ሲያሳስተው የሚያቃናው የቆየ የቋንቋ ልምድ የለውም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጉባው የሕዳሴ ግድብ በሚገኝበት ክልል የብረት ሙያተኛ ቃል ከነፍስ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ተግባሩ እጅ በሚሠራው እንጂ በሚያስገኘው ውጤት አይሰየም። «ማጋል»፥ «መንከር»፥ «መልሶ ማሞቅ»፥ «በሙቀት ማቆየት» ይባል። ውጤቱም ለየብቻው ይጠራ፦ ሸክምን መቋቋም «ብርታት»፥ ጭረትን መቋቋም «ጥጥረት»፥ ሳይሰነጠቅ መታጠፍ «ቅርጽ ተቀባይነት»። «ጥንካሬ» ግን ሁሉን ልሸከም ሲል አንዱንም በትክክል አይሸከምም።