የመራጊዋ መዳፍና የአገዳው አመድ

ከርቀት ተራ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጥዋት፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጠጋ ብለው ካዩት ግን መዳፍ ይታያል፦ ከታች ወደ ላይ የተሳበ የቀስት ጭረት፣ ጭዱም በዚያው አቅጣጫ ተኝቶ። ኤርትራውያን ስደተኞች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኖሩባት፣ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ባለችው ኡም ጋርጉር እንዲህ ያለ ልስን ያለ ሙያ አይቆምም። የገዳሪፍ ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደግሞ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል። መራጊዋ ዐመሉን በጭድና በእበት ትገራዋለች፤ እንደ ሊጥ አቡክታ ታሳድረዋለች፤ መድረሱን በጠረኑና በመዳፏ ላይ ባለመጣበቁ ታውቃለች።

ከመንደሩ ውጭ ያለው ማሽላ ደግሞ በራሱ ግንበኛ ነው። ከአፈር ሲሊካ እየሳበ በቅጠሉና በገለባው ውስጥ ጥቃቅን ብርጭቆ ያደርገዋል፤ ጣታችንን የሚቆርጠው አንድም ለዚህ ነው። ሲቃጠል አብዛኛው ይበናል፣ ሲሊካው ከሌሎች ማዕድናት ጋር በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ይህ አመድ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ የግንባታ ማጣበቂያ ይሆናል፤ ሙያው እሳቱ ላይ ነው። ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከተያዘ ሲሊካው ቅርጽ አልባ ሆኖ ለመጣመር ይፈጥናል፤ ከዚያ በላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ ይረጋና ይሰንፋል። ጥቁር ሆኖ የወጣ አመድ ደግሞ ያልነደደ ካርቦን አለበት፣ ድብልቁንም ያስጠማዋል።

አመድ በዱቄት ይስቃል እንላለን። እዚህ ግን አመዱ ራሱ ከዱቄት ልሞ ካልተፈጨ ዋጋ የለውም። ሲሊካ ብቻውን ስለማይበቃ አሉሚና ያለው የተቆላ ሸክላ ይጨመርለታል፤ በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሲሊኬት ሲለወስ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዦዜፍ ዳቪዶቪትስ ጂኦፖሊመር ያለው ይህንን ዓይነት ማጣበቂያ ነው። እንደ ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይን እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ ማቃጠል አያሻውም። ሶዳው ግን ቆዳ ይልጣል፤ ያለ ጓንት የሚነካ ነገር አይደለም፣ ዋጋውም እንደ እበት ነፃ አይደለም። ስለዚህ መራጊዋን ጭቃሽን ተዪ የሚላት ሰው ቢመጣ፣ እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ክረምቱ ሲወጣ በግድግዳው ግርጌ ዝናብ የላጠውን ትጠግናለች። ደረቁን በውሃ ታርሳለች፣ አዲሱን ጭቃ በአውራ ጣቷ ትጭናለች፣ ጭረቱንም ከአሮጌው ቀስት ታስቀጥላለች። ሲደርቅ መጋጠሚያውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።