ወዙን ያልለቀቀ ብስክሌት

ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ተነስቶ በጎልደን ሃይዌይ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ኦሬንጅ ፋርም አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ሱቅ ያለው ወዳጄ ደውሎ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ሲለኝ አዲስ ማቀዝቀዣ የገዛ መስሎኝ ነበር። ያሳየኝ ግን ጓሮ ከባዶ የለስላሳ ሣጥኖች ጎን የተደገፈ አሮጌ ራሌይ ብስክሌት ነው። ጋሪ እየገፋ ቁርጥራጭ ብረት ከሚለቅም ልጅ (በእኛ አገር ቁራሌው የምንለው መሆኑ ነው) ወደ ሚዛን ከመሄዱ በፊት ገዝቶት ኖሯል። ልጁ የጠየቀው በኪሎ የሚከፈለውን ዋጋ ነበር፤ ወዳጄ ጥቂት ጨምሮ ሰጠው።

ያን ቀን ብስክሌቱን ያየ ሰው በኪሎ መገመቱ አይገርመውም ነበር። ካቴናው ደርቆ እንደ በትር ተገትሯል። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። ጥቁሩ ቀለም ከአቧራና ከዝገት ሥር ይኑር አይኑር አይታወቅም። ወዳጄ ዕቅዱን ነገረኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሊቀባው፣ ከዚያም ከሱቁ በር በላይ ሊሰቅለው ነው። እኔ ተቃወምኩ፤ እስኪመሽ ተከራከርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ቅጥያ ነው። ወዳጄ እንደሚያነበው ስለማውቅ ሥራውን ፊት ለፊቱ እንደምናገር አድርጌ እተቻለሁ።

ፈረንጆች በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት ዕቃ ላይ የሚመጣውን መልክ «ፓቲና» ይሉታል። እኛ የተሻለ ቃል አለን፤ ወዝ። ወዝ ከሰው ገላ የሚወጣ ነው። የጭራ እጀታ፣ የመቋሚያ ጫፍ፣ ብዙ ሰው የተቀመጠበት በርጩማ ወዝ አለው። ዝገት ግን ከዝናብና ከመረሳት ይመጣል። ሁለቱን መለየት ሲያቅተን ነው አንድ ላይ ፍቀን የምንጥላቸው። በአገራችን ስንቱ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው «ደብዝዟል» ተብሎ በላዩ ላይ አዲስ ቀለም የተደረበበት! ያደረጉትም ሰዎች ከፍቅር እንጂ ከክፋት አላደረጉትም።

ወዳጄም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሱቁ ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሁለት ጊዜ ከባዶ መደርደሪያ ጀምሯል። በሁለቱም ጊዜ ከሸቀጥ በፊት የገዛው ቀለም ነበር። «አሮጌ ነገር ደጄ ላይ ካዩ የተሸነፍኩ ይመስላቸዋል» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ መቀባት የሚቀጥለው ወርም ይቻላል፣ የፋብሪካውን ቀለም ከፋቅከው በኋላ ግን የሚመልስልህ የለም። በመጨረሻ «እሺ፣ መጀመሪያ አጥበን እንየው» አለ።

አጣጠቡ ጥሩ ነበር ማለት እችላለሁ። ቀለሙን ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነካው። ካቴናውን ላምባ ውስጥ አሳደረው። የመሪውንና የቸርኬውን ክሮም የፈተገው በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀትና በውኃ ነው፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ክሮሙን አይጭርም። የኋላውን ሞዞ ያፈነውን የደረቀ ግሪስ ሲጠርግ ስተርሚ አርቸር የሚል ጽሑፍና 58 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ይህ ፋብሪካ ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞዎቹ ላይ የተሠሩበትን ዓመት ይመታ ስለነበር ሞዞው የ1958 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ነው። ወዳጄ ወዲያው «ብስክሌቱ የ1958 ነው» ብሎ ለሠፈር ሁሉ አወራ። ቸርኬ ይቀየራልና እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ራሌይን የሠራችው የእንግሊዟ ኖቲንግሃም ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. ብስክሌት መገጣጠሟን አቁማለች፤ ሄዶ መጠየቅም አይቻል።

ጥፋቱን ደግሞ ልናገር። በአሉሚኒየሙ ውጤት ልቡ ሞቀና እጁን ወደ ቴላዮው አሻገረ። የወርቅማ ፊደሎቹ በቀለሙ ላይ የተለጠፉ ስስ ነገሮች ናቸው። ሁለት ጊዜ አሸት ሲያደርግ የራሌይ ስም ግማሹ ሄደ። ስድሳ ዓመት ፀሐይ ያልነቀለውን እኛ በአንድ ሻይ ጊዜ ነቀልነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ አሞሌ ጨው እንደሚልስ በሬ ዝም ብዬ አይ ነበር!

ቀለሙ የለቀቀበትን ቦታ ግን በሚገባ ያዘው። ከቀለም መደብር የተቀቀለ የተልባ ዘይት ገዝቶ እንደ ጥላ በሳሳ መጠን ቀባው፤ ሲደርቅ እርጥበት የሚከለክል ስስ ልባስ ሆነ። አዲስ ምጣድ የምታሟሽ ሴት ምን እያደረገ እንደሆነ ሳይነገራት ይገባታል። (እግረ መንገዴን፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ። በተለይ ሱቅ ውስጥ ለምታድሩ።)

ከቀለም ቀቢዎቹ በተቃራኒ ያሉትም አያስደስቱኝም። መሐል ከተማ ባሉ አንዳንድ ቡና ቤቶች ዝገቱ እንዳለ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብስክሌት አይቻለሁ። ያ ወዝ ማክበር አይደለም፤ ሬሳን ማስጌጥ ነው። ብስክሌት ሲነዳ ነው ብስክሌት የሚሆነው። በባሕር ዳር ወይም በናዝሬት ያደገ አንባቢ በሩብ ሰዓት ሒሳብ ተከራይቶ፣ እግሩ ኮርቻው ላይ ስለማይደርስ ከአግዳሚው ብረት በታች እግሩን አሾልኮ የነዳውን አይረሳም። በ1956 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን ከሄዱት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። ዛሬ ስለ ኦሎምፒክ ስናወራ ሯጮቻችንን ብቻ መጥራታችን ያሳዝነኛል።

ባለፈው እሑድ ተመልሼ ስሄድ ብስክሌቱ ሱቁ ደጃፍ ቆሟል። ዳቦ ሊገዙ የመጡ አንድ የሠፈሩ ሽማግሌ ዳቦውን ረስተው ዙሪያውን ይዞራሉ። ከመሪው በታች ቀለሙ በሰፊው ተፍቆ ብረቱ የታየበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ «ይህን የነዳው ሰው ዕቃ አመላላሽ ነበር፤ ቅርጫቱ የበላው ነው» አሉ። እሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲህ ባለው ብስክሌት ለአንድ ሥጋ ቤት ዕቃ ያደርሱ ነበር። ወዳጄ ሊቀባው ያሰበው አረንጓዴ ቀለም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ቦታ ላይ ነበር።

«ይንዱት» አላቸው ወዳጄ። ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ሄዱ። ሲመለሱ ያመጡት ምስጋና ሳይሆን ስሞታ ነው፤ ይከብዳል። እውነታቸውን ነው። የማርሹ ሽቦ ገና አልተገኘም፤ ይህ ዓይነቱ ሞዞ ደግሞ ሽቦ ከሌለው ከባዱ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይቀራል። ወዳጄ ሽቦውን ጄፒ ካሉት ሱቆች እንድፈልግለት አዞኛል። የገጠመለትን ቀይ የፕላስቲክ ኮርቻ ካላወለቀ ግን አልፈልግለትም።