ዘበኛውን ስለ ማባረር፤ በአንድ የሰርቨር መመሪያ ላይ የቀረበ ትችት

በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የዕቃ ማከማቻ የሚሠራበት፤ ስለ ሊኑክስ ሰርቨር አተካከል የሚናገር ባለ አራት ገጽ መመሪያ በእጃችን ገብቶ ተመልክተነዋል። ጸሐፊው የሚመሰገንበት ነገር አለ፤ አማርኛው የጠራ ነው፤ ቅደም ተከተሉም አያደናግርም። ነገር ግን ሁለተኛው ትእዛዝ «ኤስኢሊኑክስን አጥፋ» ይላል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም።

ኤስኢሊኑክስ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው፤ በ2003 ከሊኑክስ ከርነል ጋር የተዋሐደ ቁጥጥር ነው። አሠራሩን ለመረዳት በአቃቂ በአንዱ ፋብሪካ በር ላይ መቆም ይበቃል። የግምጃ ቤቱ ሹም ቁልፉ በእጁ ነው፤ የመውጫ ወረቀት ከሌለው ግን ፈታሹ ዘበኛ እርሱንም አያሳልፈውም። የተለመደው የፋይል ፈቃድ ቁልፉ ነው፤ ኤስኢሊኑክስ ዘበኛው ነው።

መመሪያው ዘበኛው በሥራ ላይ መሆኑን እንኳ ሳይጠይቅ ያባርረዋል። «ጌትኢንፎርስ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይመልሳል፤ «ኢንፎርሲንግ» ካለ ይከለክላል፤ «ፐርሚሲቭ» ካለ ሳይከለክል ያየውን ይመዘግባል፤ «ዲስኤብልድ» ካለ ዘበኛ የለም። ጸሐፊው ለማጥፋት የሰጠው «ሴትኢንፎርስ 0» ደግሞ ማሽኑ እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያወርዳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ መመሪያው ያደርገዋል ያለውን እንኳ አያደርግም። በሬድ ሃት 9 ፈጽሞ ለማጥፋት በከርነሉ መነሻ መሥመር ላይ «ኤስኢሊኑክስ=0» መጨመር ያሻል።

ጸሐፊውን ያስቆጣው ምን እንደ ሆነ መገመት አያቅተንም። በቤት ማኅደር የተጻፈ ገጽ «ኤምቪ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ድረ ገጹ ማኅደር ሲዛወር የቀድሞ መለያውን ይዞ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም አያነበውም። ፈቃዱን ወደ 777 ቢከፍቱት ለውጥ የለም። ጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ፤ ሰው ቢያጠፋው አንፈርድበትም! ይሁን እንጂ መድኃኒቱ «ሬስቶርኮን» የተባለ አንድ ትእዛዝ ነው፤ መለያውን ያስተካክላል፤ ገጹም ይከፈታል።

ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ቁጥጥሩ ጠፍቶ ሳለ የሚፈጠሩ ፋይሎች መለያ አይኖራቸውም፤ ስለዚህ ለመመለስ ሲፈለግ ዲስኩን በሙሉ እንደ ገና መሰየም ግድ ይሆናል። የደንበኞች ሒሳብ ባለበት ማሽን ላይ ሥራ አቁሞ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ስለ ሆነ፤ አንድ ጊዜ የጠፋው እንደ ጠፋ ይቀራል።

መመሪያው ዳግመኛ ሲባዛ ሁለተኛው ትእዛዝ ተሠርዞ በቦታው «ጌትኢንፎርስ» ይጻፍ፤ ችግር ሲነሣም በፐርሚሲቭ ጥቂት ቀን ቆይቶ የኦዲት መዝገቡን ማንበብ እንደሚቻል ይጨመርበት።