የማን ሰዓት?

በቅርቡ ዋርዳችን የተመደበች ጀማሪ ነርስ «ሲስተር፣ አንዱን ሰዓት ለምን ሁለቴ ያስጽፉናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኦርደር ሺት ላይም ሆነ መድኃኒት በምንመዘግብበት ቅጽ ላይ 02:00 ብዬ ከጎኑ «ከሌሊቱ 8» ካልጨመርኩ እጄ አያርፍም። ኦዲት ሊያደርገን የመጣ ባለሙያም «ድግግሞሽ ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከተጻፈ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። 14:00 ከሆነስ ይበቃል፤ የሚስተው የለም። ከ12 በታች ያለ ቁጥር ግን እኛ አገር ሁለት ጌታ አለው።

የሚያናድደኝ ስህተቱ ተደብቆ መኖር መቻሉ ነው። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት 2፣ 8፣ 2፣ 8 ነው፤ በእኛም አንብቡት በፈረንጁ፣ ታካሚው በሰዓቱ ያገኛል። በየ12 ሰዓቱ የሚሰጠውን ከተሳሳታችሁ ግን 6 ሰዓት ሳታችሁ ማለት ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጠውም ይዛባል።

አንዲት እናት በኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ምክንያት በሚመጣ መንቀጥቀጥ) ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት መጣች። ወረቀቱ እንከን አይወጣለትም፤ ስም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማህተም አለ፣ «የማግኒዥየም ሰልፌት ሎዲንግ ዶዝ 3:00 ተሰጥቷል» ይላል። እኛ ጋ ስትደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። 3:00 በእኛ ከሆነ ከተወጋች ገና አንድ ሰዓቷ ነው። በፈረንጁ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ላይ ተወግታለች፣ 7 ሰዓት አልፏታል። ቀጣዩ መርፌ በየ4 ሰዓቱ ነውና አንዱ ንባብ 3 ሰዓት ጠብቁ ይላል፣ ሌላው 3 ሰዓት ዘግይታችኋል። ቸኩሎ መድገም ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል፤ መዘግየት ደግሞ መንቀጥቀጡን ይመልሰዋል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ስላልሆነ ሁለቱም ያስኬዳል። ተረኛው ሐኪም ትንፋሿን፣ ሽንቷንና የጉልበቷን ሪፍሌክስ ሲያይ እኔ አማቷን ጠየቅኋቸው። «የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ነው የወጓት፤ መኪና ስንጠብቅ ነጋ» አሉ። ማህተም ያለበት ወረቀት ያልነገረንን የአማትየው ዶሮ ነገረን።

ቀኑም ያው ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥርና አንድ ካርድ ይሁን ብሏል፤ ጥሩ አድርጓል። ግን የዓመታት ወረቀት አንድ ላይ ሲሰበሰብ «5/4/2016» የሚል ማስታወሻ ታኅሣሥ 5 ይሁን ኤፕሪል 5፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተባለ ማን ይፈታዋል? በመካከላቸው ከ7 ዓመት በላይ አለ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በነርስነት የምትሠራው እህቴ የመንግሥት የጤና መድን የሆነውን የሜዲኬርን ደንብ ታነበንብልኛለች፦ ካርድ ላይ የሚጻፍ ሁሉ የሚነበብ፣ የተሟላ፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ አገልግሎቱን በሰጠው ወይም በገመገመው ሰው የተረጋገጠ ይሁን። ግሩም ደንብ ነው። የማን ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ ግን እዚያ የለም።

ወጣቶቹ ኮምፒውተር ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል ይሉኛል፤ ሰዓቱን ራሱ ይይዘዋል። የሚይዘው የተተየበበትን ሰዓት ነው! ሐኪሙ ከሌሊቱ 8 ላይ በስልክ አዘዘ፣ ነርሷ ደግማ አነበበችለት፣ መድኃኒቱን ሰጠች፣ ሌላ ታካሚ ጋ ተጠራች፣ ልትመዘግብ የተቀመጠችው ሲነጋ ነው። ማሽኑ የሚመሰክረው ስለ መቀመጧ ብቻ ነው። የተፈጸመበትን ሰዓት ያው ሰው ይጽፈዋል፣ ካልጻፈው ጠፋ።

ግትር ነሽ እባላለሁ፤ ግን በሰዓቱ የተጻፈ ካርድ ምን እንደሚያደርግ በራሴ አይቻለሁ። አባቴ ሌላ ሆስፒታል ተኝተው በነበረበት ጊዜ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አጠገባቸው አልነበርኩም። ጠዋት ሐኪማቸው ካርዱን ገልጦ አሳየኝ። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ጽፋላቸዋለች፤ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ኦክስጅን እንደተደረገላቸው፣ 7 ላይ ትራስ ጨምራ ቀና እንዳደረገቻቸው፣ 9 ከ20 ላይ ውሃ ጠይቀው እንደጠጡ፣ 10 ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው። ያልነበርኩበትን ሌሊት በሰዓት በሰዓቱ አነበብኩት። ላመሰግናት ብፈልግ ማን እንደሆነች ማወቅ አልቻልኩም፤ ስሟን ሳትጽፍ ፈርማ ብቻ አልፋለች፣ ፊርማዋ ደግሞ አይነበብም። ባገኛት አመስግኜ ስለ ፊርማዋም እነግራት ነበር።