«የማቀጣጠል ጊዜ» ወይስ «የልኮሳ ነጥብ»? በአንድ የጀልባ ሞተር መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

የቴክኒክ ጽሑፍ ትርጉም የሚመዘነው በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው ቃሉ ከምንጩ ቋንቋ ቃል ጋር መመጣጠኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጽሑፉን ያነበበው ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ደኅና የተባለ ትርጉም በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለውን አንድ ትርጉም ነው፤ ይኸውም ከጀልባ ኋላ የሚታሰር የቆየ የቤንዚን ሞተር ብልጭታ በተገቢው ቦታ እንዲወጣ ስለ ማስተካከል የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የጥቂት ገጾች መመሪያ ነው። የተርጓሚውንም ሆነ ያሳተመውን ክፍል ስም መጥቀስ አላስፈለገም፤ ዓላማችን የስያሜን ችግር ማሳየት እንጂ ሰውን መንቀፍ አይደለምና።

መመሪያው በእጃችን የገባው በወላይታ ዞን፣ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቤሌ ነው። ቤሌ ከሶዶ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆ አቅጣጫ ትገኛለች። ወንዙ በጥልቅ ሸለቆው ይፈስ በነበረበት ዘመን የጀልባ ሞተር ጉዳይ ለአካባቢው እንግዳ ይመስል ነበር። የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውኃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሸለቆው 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል፤ ግድቡም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በምሥራቅ አባያ፣ በምዕራብ ይህ አዲስ ሐይቅ ስላለ፣ የወላይታ መካኒክ ከመኪናና ከወፍጮ ሞተር ሌላ የጀልባ ሞተርም ሊያጋጥመው ግድ ነው። ስለዚህ መመሪያው ፈላጊ ያለው መመሪያ ነው፤ ጉድለቱም በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ጉድለት አይደለም።

1. የነገሩ አሠራር

ስለ ቃሉ ከመከራከራችን በፊት ቃሉ የሚሰየምለትን ነገር ማወቅ ይገባናል። በቆየው ዓይነት ሞተር ብልጭታው የሚመነጨው በቮላኖው ሥር ነው። በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት በጥቅል ሽቦው አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ጉብታ ፑንቲናውን በሚከፍትበት ቅጽበት የኤሌክትሪኩ መንገድ ይቋረጥና በሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ከፍተኛ ቮልት ይነሣል፤ ይህም በካንዴላው ጫፍ ብልጭታ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ብልጭታው የሚወጣው የፑንቲናው ሁለት ገጾች ሲገጥሙ ሳይሆን ሲለያዩ ነው። ይህም ሊሆን የሚገባው ፒስተኑ ነዳጅና አየሩን እያመቀ ወደ ላይ ወጥቶ ከመመለሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ብልጭታው ከሚገባው በላይ የዘገየ እንደሆነ ሞተሩ ይደክማል፣ ይግላል፣ ነዳጅ በከንቱ ይበላል። ከሚገባው በላይ የቀደመ እንደሆነ ደግሞ ማስነሻ ገመዱ የሳቢውን እጅ መልሶ ይመታል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሳይቆይም ፒስተኑ ይበሳል። ይህ ሁሉ በጋራዥ ውስጥ ሲደርስ ኪሳራ ነው፤ በሐይቅ መካከል፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሲደርስ ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

2. «ጊዜ» የተባለው ምንድን ነው?

መመሪያው ይህን ሥራ «የማቀጣጠል ጊዜ ማስተካከል» ይለዋል። እንግሊዝኛው በስሙ ውስጥ የጊዜን ቃል ስለያዘ፣ ተርጓሚው ጊዜን በጊዜ መተካቱ በመጀመሪያው ሚዛን ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ መካኒኩ የሚያስተካክለው ጊዜን ነውን? በቁጥር እንመልከተው። በደቂቃ 1000 ዙር የሚዞር ሞተር በአንድ ሰከንድ 6000 ዲግሪ ይዞራል፤ በደቂቃ 5000 ዙር ሲዞር ደግሞ 30000 ዲግሪ ይዞራል። ብልጭታው ፒስተኑ ከመመለሱ 20 ዲግሪ ቀድሞ ይውጣ ብንል፣ ይኸው 20 ዲግሪ በመጀመሪያው ፍጥነት የአንድ ሰከንድ 300ኛ ክፍል፣ በሁለተኛው ፍጥነት ግን 1500ኛ ክፍል ይሆናል። ዲግሪው አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው አምስት እጥፍ ተለወጠ። መካኒኩ በእጁ ይዞ የሚለካው ዲግሪውን፣ ወይም ፒስተኑ ከጫፉ የሚርቅበትን ሚሊሜትር፣ ወይም በቮላኖው ላይ የተቀረጸውን ምልክት ነው። ይህ ሁሉ ስፍራ እንጂ ጊዜ አይደለም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በአማርኛ «የምሳ ጊዜ» ስንል ምሳ የሚበላበትን ሰዓት፣ «የመብሰያ ጊዜ» ስንል ግን ወጡ እስኪበስል የሚፈጀውን ቆይታ እንረዳለን። «የማቀጣጠል ጊዜ» የሚለውን ስያሜ ብዙው አንባቢ የሚወስደው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ማለትም ሞተሩን ለማስነሣት የሚፈጀው ጊዜ ይመስለዋል። እንግዲህ ስያሜው ከነገሩ መራቁ ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላ ነገር መምራቱ ነው ከፍ ያለው ጥፋቱ።

ሌሎች ቋንቋዎችም ይህን ነገር በአንድ ዓይን አላዩትም። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ብልጭታው ቀድሞ መውጣቱን ይዘው «ቅድሚያ» በሚል ቃል ሰየሙት፤ ጀርመንኛ ልኮሳው የሚሆንበትን የጊዜ ነጥብ ሰየመ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር የማስማማቱን ተግባር ያዘ። ከእነዚህ አንዱን መቅዳት ለአማርኛ ግዴታ አይደለም። ግዴታው ከነገሩ የትኛውን ገጽ እንደሚሰይም አስቦ መምረጡ ነው።

3. መለኮስና መቀጣጠል

የስያሜው ሁለተኛ ክፍል «ማቀጣጠል» ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ከምንጩ ቋንቋ የበለጠ ሀብታም ሆኖ ሳለ ተርጓሚው ሀብቱን ሳይጠቀምበት ቀርቷል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛ በሁለት ግሶች ይለየዋል። «ለኮሰ» ክብሪት እንደ መለኮስ፣ ኩራዝ እንደ መለኮስ ነው፤ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ድርጊት ነው። «ተቀጣጠለ» ግን እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ መሄዱን ይገልጻል፤ ቆይታ ያለው ድርጊት ነው። ጫካ በአንድ ሰው ይለኮሳል፤ የሚቀጣጠለው ግን ቀስ በቀስ ነው።

በሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ካንዴላው ይለኩሳል፤ ነዳጅና አየሩ ይቀጣጠላል። በሁለቱ መካከል ጥቂት ጊዜ አለ፤ ብልጭታው ከፒስተኑ መመለስ ቀድሞ መውጣት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ በፈጠነ መጠን ፒስተኑ ይፈጥናል፤ የእሳቱ መዛመት ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም፤ ስለዚህ መለኮሱ ይበልጥ መቅደም አለበት። በብዙዎቹ የቆዩ የጀልባ ሞተሮች ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳሕን ከነዳጅ መስጫው ጋር ተያይዞ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። እነሆ፣ ሁለቱን ግሶች ለየብቻ በቦታቸው ያስቀመጠ ተርጓሚ የሥራውን ምክንያት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ለአንባቢው ሰጠው ማለት ነው። ሁለቱን በ«ማቀጣጠል» የጨፈለቀ ተርጓሚ ግን አንባቢው ትእዛዙን ያለ ምክንያት እንዲቀበል አደረገው።

4. ሌሎች ስያሜዎች

መመሪያው ሊመሰገን የሚገባው ነገር አለው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተል አልተፋለሰም፤ ቮላኖውን በእጅ ከማዞር በፊት የካንዴላዎቹ ገመዶች እንዲነቀሉ ማስጠንቀቁ መልካም ነው። «ክፍተት» የሚለውም ቃል በሚገባው ቦታ ገብቷል። ከዚህ የሚከተሉት ሦስቱ ግን መታረም አለባቸው።

ሀ) «ነጥቦች»። ፑንቲና በጣልያንኛ ትንሽ ጫፍ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛም ይኸው ዕቃ የሚጠራው ነጥብ ወይም ጫፍ በሚል ትርጉም ባለው ቃል ነው። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ነጥቦቹን አጽዳ፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካ» ብሎ ጻፈ። ፑንቲና፣ ካንዴላ፣ ቮላኖና እነዚህን የመሰሉ ቃላት ከጣልያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው በአማርኛ አፍ ተገርተው የቆዩ ናቸው። የተገራን ቃል አባርሮ ባዶ ቃል ማስገባት ቋንቋን ማበልጸግ አይደለም።

ለ) «የላይኛው የሞተ ማዕከል»። ይህ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለስበት ስፍራ ነው። ስፍራው ማዕከል አይደለም፤ ጫፍ ነው። የሞተም ነገር የለበትም። «የላይ መመለሻ» ቢባል አንባቢው ሥዕል ሳያይ ይረዳዋል፤ ተቃራኒውም «የታች መመለሻ» ይሆናል።

ሐ) «ሳሕኑን ወደ ፊት አንቀሳቅስ»። ከሦስቱ እጅግ አደገኛው ይህ ነው። ምንጩ የሚያዝዘው ልኮሳውን ማስቀደም ነው፤ ተርጓሚው ግን ነገሩን ወደ ስፍራ ለውጦ «ወደ ፊት» አለ። ለሚዞር ሳሕን ፊት የለውም። ልኮሳው የሚቀድመው ሳሕኑ ቮላኖው ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ነው፤ ጉብታው ፑንቲናውን ቀድሞ ያገኘዋልና። «ወደ ፊት» የሚለውን ትእዛዝ አንባቢው በቮላኖው መዞሪያ አቅጣጫ የተረጎመው እንደሆነ፣ ልኮሳውን ማስቀደም ሲገባው ያዘገየዋል። እንግዲህ አንዲት ቃል የሥራውን ውጤት ገለበጠችው።

5. የአንባቢው ድርሻ

መመሪያውን በቤሌ ለአንድ ወጣት መካኒክ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በትዕግሥት አዳመጠ። «ነጥቦቹን አጽዳ» ከሚለው ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ የትኞቹን ነጥቦች?» አለን። ፑንቲና መሆኑን ስንነግረው ሣቀና፣ «ታዲያ ፑንቲና ለምን አይሉም?» ሲል ጠየቀ። ስለ ሞተሩ ሕመም ስንጠይቀው ደግሞ የሰጠን መልስ «እሳቱ ቀድሞበት ይሆናል፤ ወይ ዘግይቶበት» የሚል ነበር። በቤቱ ወላይትኛ የሚናገር፣ አማርኛን በትምህርት ቤትና በሥራ የተማረ ሰው፣ የቃላት ኮሚቴ ሳይሰበሰብ «ቀደመ» እና «ዘገየ» የሚሉትን ሁለት ቀላል ግሶች በትክክል ተጠቅሞባቸዋል።

ሰሚውን ሳያማክሩ በቢሮ የሚበጅ ቃል ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የወላይታ ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በማቀላቀል «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ በሶዶ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም እንዲነሡ ተደረገ። ያ ጉዳይ ከአንድ የሞተር ስያሜ ጋር በክብደት የሚወዳደር አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ የማንነት ጥያቄ ነበረና። ለስያሜ ሠራተኛ የሚተወው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ቃል የሚጸድቀው በማኅተም ሳይሆን በተናጋሪው አፍ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ በተገለጹት ምክንያቶች የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። ብልጭታው የሚወጣበት የዙር ስፍራ «የልኮሳ ነጥብ»፣ ሥራውም «የልኮሳ ነጥብ ማስተካከል» ይባል። ነጥቡን ከላይ መመለሻ ይበልጥ ማራቅ «ልኮሳን ማስቀደም»፣ ወደ ላይ መመለሻ ማቅረብ «ልኮሳን ማዘግየት» ይባል። ለምን «ቅድሚያ» አላልንም ቢባል፣ ይህ ቃል በመንገድ ሕግ ለሌላ አሽከርካሪ መንገድ መልቀቅን በመግለጽ ሥራ ስለያዘ ነው። ፑንቲና፣ ካንዴላና ቮላኖ እንዳሉ ይቀመጡ። ፑንቲና በስሙ ከተጠራ «ነጥብ» የሚለው ቃል ነጻ ስለሚሆን ከልኮሳ ነጥብ ጋር አይጋጭም።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው፣ በከተማ ጋራዦች «ታይሚንግ» የሚለው ቃል እየተለመደ ስለ ሆነ አዲስ ስያሜ አያስፈልግም የሚል ነው። መዝገበ ቃላት የሚነገረውን ቃል መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ «ታይሚንግ» ይመዝገብ። ነገር ግን ፍቺው ሲጻፍ «የማቀጣጠል ጊዜ» ተብሎ ከተጻፈ ስሕተቱ ተመልሶ በመስኮት ይገባል። ሁለተኛው፣ ፑንቲና ያለው ሞተር ያለፈ ዘመን ዕቃ ስለ ሆነ ድካሙ ከንቱ ነው የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በአዳዲሶቹ ሞተሮች የፑንቲናን ሥራ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ወስዶታል፤ በእነርሱም ቢሆን ግን ብልጭታው ከላይ መመለሻ በፊት በአንድ በተወሰነ ስፍራ መውጣቱ አልቀረም። ፑንቲና ዕቃው ሲያልፍ አብሮ ያልፍ ይሆናል፤ የልኮሳ ነጥብ ግን በብልጭታ የሚሠራ ሞተር እስካለ ድረስ ይኖራል።

በመጨረሻም ለተርጓሚዎች የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የቴክኒክ ትርጉም ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ዕቃውን ፈትቶ ለሚገጥም ሰው ይነበብለት፤ ያ ሰው «የትኛውን?» ብሎ በጠየቀበት ስፍራ ሁሉ ተርጓሚው ብዕሩን መልሶ ያንሣ።