አበባና ስደት፤ የዘመን መልክ በማኅሌተ ጽጌ

ስለ ግእዝ ቅኔና መዝሙር በሚሰነዘሩ አስተያየቶች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ነቀፌታ አለ። ይኸውም የጥንቶቹ ደራሲዎች ዓይናቸውን ከብራናው ላይ ስላላነሡ ሜዳውንና ዝናሙን አላዩም፤ አበባ ቢሉም ከመኃልየ መኃልይ የተቀጠፈ እንጂ ከደጃቸው የበቀለ አይደለም የሚል ነው። ነቀፌታው ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ማኅሌተ ጽጌ የተባለውን ድርሰት ከፍቶ የደጋውን አበቦች የስም ዝርዝር የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገር ግን አንድ ድርሰት ከተፈጥሮ ጋር ያለው ዝምድና በሚጠራቸው ዕፀዋት ብዛት ብቻ አይለካም። ድርሰቱ በየትኛው ወር እንዲዘመር ተወሰነ? ከየትኛው ታሪክ ጋር ተጋባ? በዚያ ወርስ ማሳው፣ ጎተራውና ሰማዩ ምን ይመስላሉ? እነዚህን ጠይቀን ወደ ድርሰቱ ስንመለስ፣ ማኅሌተ ጽጌ ዕፀዋትን በየስማቸው ከሚዘረዝሩ ከብዙዎቹ የተፈጥሮ ግጥሞች ይልቅ ለአገሩ አፈር የቀረበ ሆኖ እናገኘዋለን።

ማኅሌተ ጽጌ በትውፊት ለአባ ጽጌ ብርሃን የሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ክፍል በአምስት ስንኝ ተዋቅሮ በአንድ ዓይነት ቤት የሚመታ የግእዝ ድርሰት ነው። ከመቶ የሚበልጡት ክፍሎቹ በአበባ ምሳሌ ድንግል ማርያምንና ልጇን ያወድሳሉ። የሚዘመረው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት 40 ዕለታት ሲሆን ይህ ዘመን ወርኀ ጽጌ ይባላል። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉና ከበሮው እየተከተላቸው፣ ከማኅሌተ ጽጌው አንዱን ክፍል ካነሡ በኋላ ከሰቆቃወ ድንግል ደግሞ ሌላውን ያነሣሉ። ሰቆቃወ ድንግል ስሙ እንደሚያስረዳው ልቅሶ ነው። እናት ሕፃንዋን አዝላ፣ ዮሴፍንና ሰሎሜን አስከትላ፣ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ስትሸሽ የደረሰባትን ረኀብ፣ ጥማትና የመንገድ መከራ ያለቅሳል። ወሩ የጾም ወርም ነው፤ ምንም እንኳ ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት ባይቆጠርና ለፈቃደኞች የተተወ ቢሆን፣ ብዙ ሰው ስደቱን እያሰበ ይጾመዋል። እንግዲህ ሜዳው በአበባ በተሸለመበት፣ ዓመቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚያምርበት ሰሞን፣ በአንዲት ሌሊት ውዳሴና ልቅሶ ጐን ለጐን ይቆማሉ። የአበባው ወር ስለ ምን የስደት ወር ሆነ?

ወደ መልሱ ለመድረስ የዘመናቱን አከፋፈል ማስታወስ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ትከፍለዋለች፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይውላል። ትውፊቱ ለ6ኛው ምዕት ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ በዚህ አይወሰንም፤ ክረምቱን ለብቻው እንኳ በየንዑስ ክፍሉ ይለየዋል። መጀመሪያ ዘርና ደመና ይላል፤ ቀጥሎ መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፤ ከዚያም ዕጕለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች፤ ወደ ማብቂያው ላይ ጎሕና ጽባሕ። የቁራ ጫጩቶቹ ከመዝሙረ ዳዊት የመጡ ናቸው፤ ምግባቸውን ከፈጣሪ በጩኸት የሚጠብቁ ፍጥረታት ናቸውና። በነሐሴ አጋማሽ ላይ መቀመጣቸው ግን የመዝሙረ ዳዊት ሥራ አይደለም። ነሐሴ አሮጌው እህል ከጎተራ ሥር ተጠርጎ የሚወጣበት፣ አዲሱም ገና ቡቃያ የሆነበት ወር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያስቀመጣቸው ናቸው። ባለ ብራናው ሊቅ የገበሬ ልጅ እንደ ነበረ፣ የቆሎ ተማሪም ሳለ ለምኖ እንደ በላ ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ከዚህ የሚበልጥ ሽግግር የተፈጸመው በመኃልየ መኃልይ ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ላይ ክረምቱና ዝናሙ ማለፋቸውን፣ አበቦችም በምድር ላይ መታየታቸውን የሚያበሥር ጥሪ አለ። በፍልስጥኤም ምድር ዝናም የሚጥለው በብርዱ ወራት ስለሆነ አበባው የሚፈካው ወደ ፋሲካ ገደማ ነው፤ በብዙ የአይሁድ ማኅበረሰቦች ዘንድ መጽሐፉ በፋሲካ ሰሞን መነበቡ ከዚሁ ጋር ይስማማል። የአውሮፓ ክርስቲያኖችም በረዶው ቀልጦ ዛፉ ሲያቈጠቍጥ ትንሣኤን ስለሚያከብሩ፣ አበባና ትንሣኤ በሥዕላቸውም በመዝሙራቸውም ተጣምረው ኖረዋል። በእኛ ደጋ ግን ያንን ጥሪ በሚያዝያ ቢያሰሙት ማን ያምነዋል? ክረምቱ የሚያልፈው፣ ዐደይ አበባ ጋራውንና ሸንተረሩን ቢጫ የሚያለብሰው በመስከረም ነው። ስለዚህ የዜማው ሊቃውንት ጥሪውን ከነአበባው ነቅለው በዘመነ ጽጌ ተከሉት። አትክልተኛ ችግኙን ከማይስማማው መደብ ወደሚስማማው እንደሚያዛውር ያለ ሥራ ነው።

የዚህ ዝውውር ውጤት ቀላል አልነበረም። አበባው ከትንሣኤ በግማሽ ዓመት ያህል ራቀ። የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30ም በኋላ አይውልም፤ ጸደይ የሚገባበት ዕለትና ትንሣኤ ሊውል የሚችልበት የመጀመሪያው ዕለት አንድ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሆኖም ይህ ጸደይ የአበባ ጸደይ አይደለም። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በልግ በሚዘንብበት አገር ሞፈርና ቀንበር ይወጣሉ፤ በሌላው አገር ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይመርጣል። እንግዲህ በዚህ አገር ከሞት መነሣት የተቈራኘው ከፈካ አበባ ጋር ሳይሆን፣ በወንጌል ከአፈር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ትቀራለች ከተባለችው የስንዴ ቅንጣት ጋር ነው ማለት ነው። በሥዕልም ቢሆን ልዩነቱ ይታያል። ማርያም መግደላዊት ከሞት የተነሣውን አትክልተኛ መስሏት ነበር የሚለውን የዮሐንስን ወንጌል ቃል ይዘው የአውሮፓ ሠዓልያን ክርስቶስን አካፋ ወይም መቈፈሪያ አስይዘው በአትክልት መካከል አቁመውታል። የእኛ ሠዓልያን በብዛት የመረጡት ግን አዳምንና ሔዋንን በእጃቸው ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው ነው። ያኛው ከአበባው መካከል፣ ይህኛው ከምድር ሆድ።

በቀዳም ስዑር የሚታደለው ቄጤማም ይህንኑ ያስረዳል። ካህናቱ ለምለም ቄጤማ ለምእመናኑ ያድላሉ፤ ሰዉም በራሱ ላይ ያስረዋል። ትርጓሜው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለማብሠር ቅጠል ይዛ ወደ ኖኅ ወደ ተመለሰችው ርግብ ይመራል። ነገር ግን ቄጤማው የሚታጨደው ከወንዝ ዳርና ከረግረግ ነው፤ በሜዳው ላይ በዚያ ሰሞን የሚታጨድ ለምለም ነገር የለምና። የትንሣኤው ልምላሜ ከደጅ የሚቀጠፍ ሳይሆን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት ነው።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የአውሮፓን የአበባ ወቅት በአማርኛ ለመግለጽ ሲፈለግ ጸደይ የሚለው ስም ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መስከረምንና ጥቅምትን ጸደይ ማለት ጀመረ፤ መጸው የሚለውም ቅጠል ለሚረግፍበት ለባሕር ማዶው ወቅት ስም ሆነ። ይህ የመዝገበ ቃላት ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን አንድ ገጣሚ መስከረምን ጸደይ ብሎ በጀመረ ጊዜ፣ ሳያስበው የሌላ አገር ስሜት አብሮ ይገባል፤ የበረዶ መቅለጥ፣ የወጣትነት ፍቅር፣ ጥላ የሌለበት ደስታ። የእኛ መስከረም ግን ከብርድ ሞት የተነሣ ወር አይደለም። ከጭለማ፣ ከጭቃና ከወንዝ ሙላት ተርፎ የወጣ ወር ነው። የተረፈ ሰው ደስታ ደግሞ እንደ ተወለደ ሕፃን ደስታ አይደለም፤ ከኋላው የቀሩትን ይቈጥራል።

ማኅሌተ ጽጌ ይህንን ስሜት ያውቀዋል። ከታወቁት ክፍሎቹ በአንዱ ባለቅኔው በእናቱ እቅፍ ያለውን ሕፃን ነጭና ቀይ አበባ ይለዋል። ሰሙ ከመኃልየ መኃልይ የመጣ የውበት ምስጋና ነው፤ ቀይ የተባለው ግን የሚፈስሰውን ደም አስቀድሞ እንደሚያይ አድማጩ ወዲያው ይረዳል። ሕፃኑ ገና ታቅፏል፤ ቀለሙ ግን ዕለተ ዓርብን ይጠራል። መዘምራኑ ከዚያ ወደ ሰቆቃወ ድንግል ሲሻገሩ ያ ቀይ ቀለም በሄሮድስ ሰይፍ ላይ ይገኛል። እንግዲህ አበባው ለስደቱ የተሰጠው ስለዚህ ይመስለናል። ፍሬ ገና አልሆነም፤ ነፋስ ሊያረግፈው፣ ውርጭ ሊያቃጥለው፣ በረዶ ሊመታው ይችላል። በጥቅምት ያለ ማሳም እንደዚሁ ነው። ኑጉ ቢጫ ሆኖ፣ ተልባው ሰማያዊ ሆኖ፣ ባቄላው ነጭና ጥቁር ሆኖ ሲታይ መንገደኛው ጥጋብ የደረሰ ይመስለዋል። ባለቤቱ ግን ጎተራውን ያውቀዋል። እሸት ይቀምስ ይሆናል እንጂ የዓመት ቀለቡ ገና በአበባ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አንበጣ፣ ግሪሳ፣ ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናም ሁሉ ሊደርስ የሚችለው በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መንጋው በሰሜንና በምሥራቅ አዝመራ ላይ በሰፈረ ጊዜ ይህ ዳግመኛ ታይቷል። ስጋትና ውበት በአንድ ማሳ ላይ የሚኖሩበትን ወር ለተሰዳጅ እናት የሰጠ ሰው ተፈጥሮን አላየም ለማለት ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ስንል ድርሰቱ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። አምስቱን ስንኝ በአንድ ቤት መምታት ባለቅኔውን አንዳንድ ጊዜ ቃል ፍለጋ ያሯሩጠዋል፤ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደረብና የአበባው መልክ ከሥሩ ይጠፋል። ድርሰቱን በአንድ ጊዜ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ለሚያነብ ሰው አሰልቺ የሚሆንበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ይህ አነባበብ ራሱ ለድርሰቱ ባዕድ ነው። የተደረሰው በሌሊት፣ በቀስታ፣ ጥቂት ክፍል በአንድ እሑድ እየተባለ እንዲዘመር ነው፤ በወረቀት ላይ ድግግሞሽ የሚመስለው በወረብ ላይ እርምጃ ይሆናል። ከሰቆቃው ተለይቶ መታየቱ ግን ከዚህ የበለጠ ይጐዳዋል። አበባ አበባውን ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ሰው የሚያስደስት መዝሙር ያገኝ ይሆናል፤ አበባው ለምን እንዲህ እንዳሳሰበን ግን አያውቅም።

ምሳሌው ከብራና ወደ መሬት የወረደባቸው ስፍራዎችም አሉ። በማርያም ውዳሴዎች ዘንድ እጅግ ከተለመዱት ምሳሌዎች አንዱ ውኃ ሳይጠጣ ያበበው የአሮን በትር ነው። በጣና ሐይቅ ዳር በሚገኘው በዘጌ ደግሞ፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቈራርጠው በተከሉት ጊዜ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ እንደ በቀለ ይተረካል። በዚያ ባሕረ ገብ መሬት በልማድ አይታረስም፤ ገዳማቱና ነዋሪዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ከሚለቀም ቡና ጋር ኖረዋል። በሌላውም የሰሜን ደጋ ኮረብታው ሁሉ ታርሶ ሲራቆት፣ ጽድና ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ተጠግተው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ ነው። ከሩቅ ሲታዩ በገለባ ባሕር ላይ ያሉ ደሴቶች ይመስላሉ። እነዚህን ዛፎች ያቆየው የደን ዐዋጅ ሳይሆን ስፍራው የገነት ምሳሌ ነው የሚለው እምነት ነው፤ ምሳሌ አፈር ይዞ ሥር ሲሰድ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ወደ ዐጸዱ ይግባ። ሆኖም የጽጌው መዝሙር የሚያነሣው አበባ ከዐጸድ የበቀለ አይደለም። ዐደይ አበባን ማንም አይተክለውም፤ ማንም አይኰተኵተውም። ክረምቱ ሲያልፍ በየዳገቱና በየድንበሩ ራሱ ይወጣል፤ ልጃገረዶች ለእንቍጣጣሽ ነቅለውት ይዞራሉ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ይጠወልጋል። መዘምራኑ በመስከረም ማብቂያ ስለ አበባ ማዜም ሲጀምሩ እርሱ የሚረግፍበት ጊዜ ቀርቧል።

ወርኀ ጽጌ በኅዳር 5 ቀን አብቅቶ በማግሥቱ የቁስቋም በዓል ይከበራል፤ ተሰዳጆቹ ከመንገዳቸው ያረፉበት ደብር መታሰቢያ ነው። ሰቆቃው ይቆማል። በዚያው ሰሞን በወይናደጋው ማሳ አበባው ወድቆ የጤፉ ዛላ ከብዶ መዘንበል ይጀምራል፤ ገበሬውም ማጭዱን ከሰቀለበት አውርዶ ይስላል።